የሦስት ወሩን መርፌ እየተወጋሽ አጥንትሽን እንዴት ትጠብቂያለሽ?

የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ አጥንት ይበላል ሲባል ያልሰማች የአዲስ አበባ ሴት ያለች አይመስለኝም። ፀጉር ቤት ይወራል። ቢሮ ቡና ላይ ይወራል። ቲክቶክ ላይማ ሐኪም ያልሆነው ሁሉ ሐኪም ሆኖ ይተነትናል። ወሬው እውነት አለው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው። ግማሹን ሰምታ ደንግጣ መርፌዋን ያቋረጠች፣ በምትኩ ምንም ሳትይዝ የቆየች፣ ከዚያ ያላሰበችው እርግዝና የመጣባት ሴት ደግሞ ብዙ ናት።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመደንገጥሽ በፊት በእጅሽ ያለውን ነገር በደንብ እወቂው። ከዚያ ትወስኛለሽ።

የምትጠቀሚው ምንድነው?

ስሙን እወቂ። "መርፌ ነው"፣ "ክንዴ ላይ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም፤ ለአጥንት ጉዳይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ካላወቅሽ የቀጠሮ ካርድሽ ላይ ተጽፏል፣ ካልተጻፈ የወጋችሽን ነርስ ጠይቂና ስልክሽ ላይ ያዢው።

ብዙዎቻችን የምንወጋው መርፌ ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለው ነው። ውስጡ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን 150 ሚሊግራም አለ። እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው የእንቁላል እጢዎችን አስተኝቶ ስለሆነ፣ እነሱ የሚያመነጩት ኢስትሮጅንም አብሮ ይቀንሳል። አጥንት ደግሞ እንደ ድንጋይ የቆመ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ በአንድ በኩል ይፈርሳል፣ በሌላ በኩል ይገነባል። ኢስትሮጅን የአፍራሹን ልጓም የሚይዝ ሆርሞን ነው። ልጓሙ ሲላላ ማፍረሱ ግንባታውን ይቀድማል። "አጥንት ይበላል" የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ነው።

ምን ያህል? ጥናቶች በ2 ዓመት ተጠቃሚነት ውስጥ የአጥንት ጥግግት ከ5 እስከ 7 በመቶ አካባቢ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። አብዛኛው የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ ከዚያ ፍጥነቱ እየበረደ ይሄዳል። አሁን ያልተወራው ግማሽ ይምጣ፦ መርፌው ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። የአከርካሪው ቶሎ፣ የዳሌው ዘግየት ብሎ። ጡት የምታጠባ እናትም አጥንቷ ለጊዜው ይቀንሳል፣ ጡት ካስጣለች በኋላ ይመለሳል፤ ግን "ጡት ማጥባት አጥንት ይበላል" ብሎ የሚያስፈራራሽ ሰው አልሰማሽም።

የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በመርፌው ማሸጊያ ላይ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ሌላ የሚስማማት ዘዴ ከሌለ በስተቀር አንዲት ሴት ከ2 ዓመት በላይ እንዳትቀጥል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ18 እስከ 45 ዓመት ላለች ጤነኛ ሴት የእድሜም የጊዜም ገደብ አላስቀመጠም። ከ18 በታችና ከ45 በላይ ለሆነችም ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነው። ሁለቱ ለምን ተለያዩ ብትይኝ፣ አንዱ የሚያየው መድኃኒቱን ነው፣ ሌላው መድኃኒቱ ሲቀር የሚመጣውንም እርግዝና ጭምር ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ግን "ገደብ የለም" ማለት "ማንም ሳያይሽ 10 ዓመት ተወጊ" ማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንያቸው። ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ 3 ዓመት የሚሠራው ኢምፕላኖንም ሆነ 5 ዓመት የሚሠራው ጃዴል፣ የእንቁላል እጢዎችን እንደ መርፌው አያስተኛም፤ ኢስትሮጅንሽ ይኖራል፣ አጥንት ላይ የሚያሳስብ ነገር አልታየበትም። ማህፀን ውስጥ የሚገባው፣ መዳብ ያለበት ሉፕ ጭራሽ ሆርሞን የለውም፣ 10 ዓመት ይሠራል፣ የሚያስቸግረው ወር አበባን ማብዛቱና ቁርጠቱ ነው፤ ደም ማነስ ካለብሽ አስቢበት። የተለመደው ክኒን በራሱ ኢስትሮጅን ስላለው ለአዋቂ ሴት አጥንት አይጎዳም፤ ግን ደም ግፊት ካለብሽ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆነሽ ሲጋራ ካጨስሽ፣ ወይም ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ የሚጀምር የራስ ምታት ካለብሽ ክኒኑን ሳትጠይቂ ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ አትጀምሪ። ፖስትፒል፣ ድንገተኛው መከላከያ ክኒን? አጥንት አይነካም። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በፈጠንሽ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ግን በወር ሁለት ሦስቴ እየዋጥሽው ከሆነ ፔሬድሽ ግራ መጋባቱ አይቀርም፤ የሚያስፈልግሽም ሌላ ቋሚ ዘዴ ነው።

ወር አበባ ሲቀር

"ደሙ የት እየሄደ ነው?" ይህን ጥያቄ ያልጠየቀች የለችም። የትም አይሄድም፤ አይጠራቀምም። መርፌውም ሆነ በክንድ የሚቀበረው የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ስስ አድርገው ስለሚያቆዩት የሚፈስ ነገር አይኖርም። መርፌውን አንድ ዓመት ከተጠቀሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ፔሬዳቸው ይቀራል። ደም ማነስ ላለባት እንዲያውም እረፍት ነው።

ሰው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። መርፌ ላይ ሆነሽ ፔሬድ ሲቀር የታወቀ ምክንያት አለው። ምንም ሳትጠቀሚ፣ ሳታረግዢ፣ ሳታጠቢ ከ3 ወር በላይ ከቀረ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእንቅርት እጢ (ታይሮይድ) ችግር ሊሆን ይችላል፣ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን መብዛት ሊሆን ይችላል፣ ክብደት ከልክ በላይ መቀነስ ወይም ምግብ ሳይበቃ ከባድ ስፖርት መሥራት ሊሆን ይችላል፣ ከ40 በፊት የመጣ ማረጥም ሊሆን ይችላል። በነዚህ ውስጥ አጥንት ዝም ብሎ ይሳሳል፣ ማንም አያወራውም፣ ቲክቶክም የለበትም። እንዲህ ከሆንሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። "ጭንቀት ነው፣ ይመለሳል" እያልሽ ዓመት አትጠብቂ።

አንቺ የት ላይ ነሽ?

እድሜ የመጀመሪያው ነው። ሴት ልጅ 18 ዓመት ሲሞላት ከአጥንቷ ከፍተኛ ጥግግት 90 በመቶ ያህሉን ገንብታ ጨርሳለች፤ ቀሪው እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ይሞላል። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ ግንባታው መሃል ላይ ናት። መርፌው አይከለከልባትም፣ ሌላ ካልተስማማት ከእርግዝና መርፌው ይሻላታል፤ ምርጫ ካላት ግን በክንድ የሚቀበረው ቢቀድም ጥሩ ነው። እናቶች፣ ልጃችሁ ይህን ልትጠይቃችሁ ስትመጣ ቁጣውን ለጊዜው አቆዩት፤ ጥያቄዋን ይዛ ሌላ ቦታ ብትሄድ መልሱ የባሰ ነው።

ከ45 በላይ የሆነች ደግሞ ወደ ማረጥ እየቀረበች ነው፤ አጥንት በራሱ ጊዜ መቀነስ የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ ሌላ ዘዴ ብትጠይቅ አልቃወምም። መሃል ላይ ያለሽው፣ ጤነኛ ከሆንሽ፣ በመርፌው ምክንያት እንቅልፍ የምታጪበት ነገር የለም።

ከእድሜ ውጪ ደግሞ እነዚህን ቁጠሪ። በጣም ቀጭን ነሽ? ከቆምሽበት ብቻ ወድቀሽ አጥንትሽ ተሰብሮ ያውቃል? እናትሽ በዳሌ ስብራት ተኝተው ያውቃሉ? ሲጋራ ታጨሻለሽ፣ መጠጥ ታበዣለሽ? ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ህመም ፕሬድኒሶሎን ለወራት ትወስጃለሽ? ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን? ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ውስጥም ቴኖፎቪር አጥንት ላይ በራሱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከመርፌው ጋር ሲሆን ይደመራል። ከነዚህ አንድ ሁለቱ ካሉብሽ "ወደ ሌላ ልቀየር ወይ?" ብለሽ የመጠየቂያ ጊዜሽ አሁን ነው። የያዝሽውን መድኃኒት ግን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ በጭራሽ!

የሚገለበጥበት ቦታም አለ። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለች ሴት፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው የክኒኑንም በክንድ የሚቀበረውንም ኃይል ያዳክመዋል፤ መርፌውን ግን አይነካውም። ኤፋቫይሬንዝ የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴትም በክንድ የሚቀበረው ይደክምባታል። ለአጥንቴ ብላ ከመርፌ ወደ ክንድ የቀየረች ሴት እዚህ ላይ ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ፣ "ይህ እንኳን አይገናኝም" የምትይውንም ጨምሮ፣ ለነርሷ ንገሪ።

ጤና ጣቢያ ስትገቢ

አራዳ፣ ልደታ ወይም ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከሆንሽ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በእግርሽ የምትደርሺበት ርቀት ላይ አለ። የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም ክሊኒኮች አሉት። ጠዋት በጊዜ ሂጂ፤ ወረፋው ሲበዛ ነርሷም ትቸኩላለች፣ አንቺም የያዝሽውን ጥያቄ ውጠሽ ትወጫለሽ።

ጥያቄሽን ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ግቢ። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምለው፦ "ሲስተር፣ መርፌውን ከጀመርኩ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል። ይህንና ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ። አጥንቴን የሚያሳስብ ነገር አለብኝ? ብቀይር የትኛው ይስማማኛል? ዛሬውኑ መቀየር ይቻላል?" የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሺ። የመርፌው ጊዜ ሳያልቅ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፑን ማስገባት ይቻላል፣ መሃል ላይ ክፍተት አይፈጠርም። "መጀመሪያ ሰውነትሽ ይረፍ፣ ሆርሞኑ ይውጣ" የሚል ምክር የጎረቤት ምክር ነው። ሰውነት ለዚህ እረፍት አያስፈልገውም፤ በእረፍቱ ጊዜ ግን ይረገዛል።

ደግሞ ገንዘብሽን ጠብቂ። መርፌ ላይ ስላለሽ ብቻ የአጥንት ጥግግት ምርመራ አያስፈልግሽም፤ የቀድሞ ስብራት ወይም ከላይ የቆጠርናቸው ነገሮች ካሉ ሐኪሙ ይወስናል። "ሙሉ የሆርሞን ቼክአፕ" የሚባለውንም መርፌ ላይ ሆነሽ አትሠሪው። መርፌው ራሱ ቁጥሮቹን ስለሚቀይራቸው ውጤቱ ካንቺ ጤና ይልቅ ስለ መድኃኒቱ ነው የሚናገረው፤ ከፍለሽ ፍርሃት ትገዣለሽ።

ወጥ ቤት

ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። ለ9 እስከ 18 ዓመቷ 1,300 ነው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 300 አካባቢ ይሰጣል፣ እርጎም እንደዚያው። በፍስክ ቀን ጠዋት ወተት፣ ከሰዓት እርጎ ካልሽ ከግማሽ በላዩን ጨረስሽ። ማኪያቶውም ይቆጠራል፣ ወተቱ ከበዛ።

የሚከብደው ጾም ነው። ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን ሁሉ የምትጾም ሴት ከዓመቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ወተት አትቀምስም። ግን የጾም ገበታችን ባዶ አይደለም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 150 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካልሲየም አለ፤ ከስንዴና ከሩዝ ጋር አይወዳደርም። ሊጡ መቡካቱም ይጠቅማል፣ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። እንጀራ ትተሽ ፓስታና ሩዝ ላይ ከተንጠለጠልሽ ይህን እያጣሽ ነው።

አትክልት ላይ ደግሞ አትታለይ። ጎመንና ቆስጣ ሲታዩ ዘመዳሞች ይመስላሉ። ቆስጣ ውስጥ ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለ ካልሲየሙን ጠፍሮ ይዞ ይወጣል፣ ሰውነትሽ ብዙም አያገኘውም። የአበሻ ጎመን እንዲህ አይደለም፤ ያለውን በደንብ ይሰጥሻል። ቆስጣ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ለአጥንት ብለሽ ከሆነ ግን ከአትክልት ተራ ጎመኑን ያዢ። ሰሊጥና ተልባ ጨምሪበት። ጾም ላይ ዓሣ የምትበሉ (ክርክሩን ለእናንተ ትቻለሁ) ሰርዲኑን ከነአጥንቱ ብሉት፤ ካልሲየሙ ያለው እዚያ ለስላሳው አጥንት ላይ ነው።

ቡና? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጪ። ካልሲየም ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ ነው፣ ወተት የጨመርሽበት ቀን ደግሞ ይካካሳል። ጨው ላይ ግን እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። የካልሲየም ክኒንም ምግብሽ ከበቃሽ አያስፈልግሽም፤ "ለአጥንት" የሚል ጽሑፍ ስላየሽ ብቻ ውድ ብልቃጥ አትግዢ።

ፀሐይ ሌላው ነው። ቫይታሚን ዲ ከሌለ የበላሽው ካልሲየም አንጀትሽን በቅጡ አያልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ፀሐይ ያላነሳት ከተማ ናት። ችግሩ እኛ ጨለማ ሳለ በታክሲ ገብተን፣ ቀኑን ሙሉ ካዛንችስ ወይም ሜክሲኮ ፎቅ ውስጥ ውለን፣ ሲመሽ በታክሲ መመለሳችን ነው። በመስታወት በኩል የምትሞቂው ፀሐይ አይቆጠርም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። በምሳ ሰዓት ክንድሽን ገልጠሽ ትንሽ ወጣ በይ። ተሸፍነሽ የምትሄጂ ከሆነ በረንዳ ወይም ግቢ ፈልጊ። ክረምቱ ሲረዝም፣ ድካምና የአጥንት ህመም ካለብሽ፣ የቫይታሚን ዲውን ነገር ሐኪምሽን ጠይቂ።

እግርና ደረጃ

አጥንት የሚጠነክረው ሲጫኑት ነው። ዋና እና ብስክሌት ለልብ ጥሩ ናቸው፣ ለአጥንት ግን እምብዛም። ደረጃ፣ ዳገት፣ ገመድ ዝላይ፣ ክብደት ማንሳት ይሻላሉ። ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ተነስተሽ እስከ ፒያሳ ሽቅብ ውጪ፣ መንገዱ ራሱ ጂም ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ማለዳ የሚሮጡትን አይተሻል፤ መሮጥ ካልቻልሽ በእግርሽ ውጪ ውረጂ፣ ማንም አይታዘብሽም። የቢሮሽ ሊፍት የተበላሸ ቀን በኃላፊው ላይ ከማጉረምረምሽ በፊት ይህን አስቢ (ከዚያ አጉረምርሚ)። ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጠሽ እሑድ ብቻ እንጦጦን ከመውጣት፣ ትንሽ ትንሽ ሳምንቱን ሙሉ ይሻላል።

ቀጠሮውና ጳጉሜን

መርፌው የሚደገመው በ3 ወር፣ ማለትም በ13 ሳምንት ነው፤ 91 ቀን። በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ኅዳር 10 የተወጋች የካቲት 10 ትመለሳለች። መሃሉ ላይ ጳጉሜን ካለች ግን ተጠንቀቂ። ሐምሌ 10 የተወጋች "ጥቅምት 10" ብላ ከቆጠረች 95 ቀን ይሆንባታል፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች ደግሞ 96። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ 4 ሳምንት ብትዘገዪም መወጋት ስለሚቻል ጥቂት ቀን አያጠፋሽም፤ ግን እየዘገዩ መሄድን ልማድ አታድርጊው። ከዚያ በላይ ካለፈሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ እርግዝና አለመኖሩን አረጋግጠው ይወጉሻል፣ እስከዚያው ኮንዶም።

ለረጅም ዓመታት መርፌው ላይ ከሆንሽ ደግሞ አንድ ነገር ጆሮሽን ስጪኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ መርፌውን መጠቀም ሜኒንጂዮማ ከሚባል የአንጎል ሽፋን እብጠት ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። እብጠቱ በራሱ ብርቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር አይደለም፤ ስለዚህ ሽሽት የለም። ግን እየጠነከረ የሚሄድ የራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም አዲስ የመጣ መንቀጥቀጥ ካለ ሐኪም ጋ ሄደሽ መርፌውን እንደምትጠቀሚ ቀድመሽ ተናገሪ።

ልጅ ስታስቢ

መርፌው መካን አያደርግም። ያዘገያል። ካቆምሽ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር አካባቢ ይወስዳል፤ አንዳንዷ ቶሎ ታረግዛለች፣ አንዳንዷ ከዓመት በላይ ትጠብቃለች። በክንድ የሚቀበረውና ሉፑ ሲወጡ ግን ወዲያው ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ካሰብሽ አሁን ከመርፌ ወደ ሌላ መቀየሩ ለሁለቱም ይጠቅምሻል፤ አጥንትሽም ይመለሳል፣ መጠበቁም ያጥራል። የመጨረሻውን መርፌ ዘልለሽ መሞከር ስትጀምሪም በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሪ። የሕፃኑ የአከርካሪ ቱቦ የሚዘጋው ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳን ገና በቅጡ ሳናውቅ ስለሆነ ክኒኑ ከእርግዝናው መቅደም አለበት።